ታየ፤ ምክንያቱ አልታወቀም

እኔ ልጅ ሳለሁ፣ አያት ያለው ልጅ ሁሉ ሰማይ የሚመዘግብ አያት ያለው ይመስለኝ ነበር። ቤታችን ሳሊተ ምሕረት ነው፤ ያኔ አስፋልቱ ከዋናው መንገድ መታጠፊያ ላይ ያልቅና ከዚያ ወዲያ ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ ነበር። አባባ፣ የእናቴ አባት፣ ከግቢያችን ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ቤት ይኖሩ ነበር። እማዬ ትልቁ ቤት ይግቡ እያለች ብትለምናቸውም አሻፈረኝ አሉ፤ ከሰርቪሷ ደጃፍ ሰማዩ በደንብ ይታያል፣ ከትልቁ ቤት በረንዳ ግን የጎረቤት ፎቅ ይከልለዋል። በእሳቸው ቤት ይህ በቂ ምክንያት ነበር።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ቦሌ አየር ማረፊያ የአየር ጠባይ ተመልካች ነበሩ። ሥራቸው ቀንም ሌሊትም በየሰዓቱ ወደ ሜዳው እየወጡ ሙቀቱን፣ ነፋሱንና ደመናውን አይቶ መመዝገብ ነው። «ያቺን ወረቀት ሳያይ አንድም አብራሪ አይነሳም» ይሉን ነበር፣ ከረባት ባይኖራቸውም ከረባት እንዳሰረ ሰው አንገታቸውን ቀና አድርገው። ጡረታ የወጡት ግን እሳቸው እንጂ ዓይናቸው አልነበረም። ከግቢያችን መሃል፣ ከጎመኑ መደብ አጠገብ፣ በገዛ እጃቸው የሠሯት፣ በአራት እግር የቆመች ነጭ የእንጨት ሳጥን ነበረች፤ ውስጧ ቴርሞሜትር ተሰቅሏል። እንግዳ ሁሉ የንብ ቀፎ ይመስለውና በሩቁ ያልፋታል። አባባ ግን ዝናብ ቢዘንብ በረዶ ቢወርድ ጃንጥላቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ ያያሉ፣ ይጽፋሉ።

የሚጽፉበት መዝገብ ከመሥሪያ ቤታቸው ይዘውት የወጡት ዓይነት፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ በመስመር የተከፋፈለ ነው። ሰዓት፣ ሙቀት፣ ነፋስ፣ ደመና፣ መጨረሻ ላይ ምርመራ። በአገራችን ከቀበሌ እስከ ሚኒስቴር የማንኛውም ቅጽ የመጨረሻው ዓምድ «ምርመራ» ነው፤ ሌላ ቦታ አልገባ ያለው ነገር ሁሉ እዚያ ይጻፋል። ብዙ ሰው ባዶውን ይተወዋል፤ አባባ ግን የሚወዱት እሱን ነበር። በደመና መሃል ምንነቱ ያልታወቀ ብርሃን ቢያዩ፣ ወይ ከየት እንደመጣ የማያውቁት ጉርምርምታ ቢሰሙ፣ ስም አይፈጥሩለትም፤ እንዳላዩም አያልፉትም። «ታየ፤ ምክንያቱ አልታወቀም» ብለው ይጽፋሉ። አንዴ «አባባ፣ ካላወቁት ምን ያደርጋል መጻፉ?» ብላቸው፣ «ያላየነውን አንጽፍም፣ ያየነውን አንተውም፤ ደሞዝ ስበላ የኖርኩት ለዚህ ነው» አሉኝና ወደ ጎመናቸው ሄዱ።

ሌላው ጉዳቸው ሰዓታቸው ነበር። የአየር ማረፊያ ሰዎች፣ ዓለም ሁሉ በአንድ ሰዓት እንዲግባባ ብለው የሚጠቀሙበት ሰዓት አለ፤ የኛም አይደለም፣ ሰው የፈረንጅ ሰዓት የሚለውም አይደለም። ለኛ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በኛ ሰዓት ላይ ሦስት ይጨመራል፣ በቃ። እኛ ሁለት ሰዓት ስንል የእሳቸው አምስት ነው። አባባ በጡረታቸውም ከዚያ ሰዓት አልወጡም። እማዬ «አባዬ፣ ምሳ በስንት ሰዓት ላቅርብ?» ስትላቸው «በዘጠኝ ተኩል» ይሏታል፤ ስድስት ተኩል ማለታቸው ነው። እማዬ ሁልጊዜ ትናደዳለች፤ እኔ ግን ሒሳቡን ከፊደል ቀጥዬ የተማርኩት ስለሆነ ለቤቱ ሁሉ አስተርጓሚ ነበርኩ፣ በዚህም ትንሽ እቀባረር ነበር።

ተረት የሚነግሩን አመሻሽ ላይ፣ ከሰርቪሷ ደጃፍ፣ የከሰል ምድጃቸው ላይ በቆሎ እየጠበሱ ነበር። እኔና ሁለት የጎረቤት ልጆች በርጩማ ይዘን እንከባቸዋለን። የከሰሉ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ የበቆሎው ፍሬ ጧ ባለ ቁጥር ፍንጣሪው እግራችን ላይ እያረፈ፣ መብራት በጠፋ ጊዜ ደግሞ፣ ያኔ የሚጠፋበት ማታ ይበዛ ነበር፣ ከአልጋቸው ሥር ብርጭቆዋ በጥላሸት የጠቆረች ፋኖስ አውጥተው ግማሽ ፊታቸው እየታየ ግማሹ ጨለማ ውስጥ ሆኖ ያወሩልናል። አጀማመራቸው እንደ ሰው አልነበረም። «ሰማዩ?» ይሉናል። ቀና ብለን አይተን «ጠርቷል!» ወይም «ደምኗል!» እንላለን። ሳናይ የመለስን እንደሆነ ተረት የለም። አንድ ቀን እኔ በቆሎዬን እየጋጥኩ፣ ቀና ሳልል «ጠርቷል!» ብዬ፣ አፌን ሳልዘጋ የዝናብ ጠብታ አፍንጫዬ ላይ ዱብ። አባባ ምድጃውን አንስተው ገቡ፤ ልጆቹ ለሳምንት አኮረፉኝ።

አምስተኛ ክፍል በገባሁ በሁለተኛው ወር ትኩሳቱ መጣ። ወደ ማታ ራሴን ያመኛል፤ ከግንባሬ ጀርባ ሰው በር የሚደበድብ ይመስለኛል። ሌሊት ሰውነቴ ይነዳል፣ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል፣ ከዚያ ሊነጋጋ ሲል ላቡ ይመጣል፤ ፒጃማዬ፣ አንሶላው፣ ትራሱ ይጨመቃል። ጠዋት ግን ምንም የለም። ጉልበቴ ይክዳል እንጂ ለሚያየኝ ሰው ደህና ነኝ። ለነገሩ የጎዳኝ እሱ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ደህና መምሰሌ።

ሰው ሁሉ ስም ይዞ መጣ። የጎረቤታችን እናት «ምች ነው» አሉና ዳማከሴ በእጃቸው አሽተው አሸተቱኝ፣ ጭማቂውን አጠጡኝ፤ ሽታው ዛሬም ትዝ ይለኛል፣ ደስ ይላል፣ ትኩሳቱ ግን ሌሊት መጣ። ሌላዋ «ዓይን ነው፣ ልጅቱ ጎበዝ ተማሪ አይደለች!» አለች። ጸበልም ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ክሊኒክ ታይፎይድ አለ፤ ኪኒኑን እስከ መጨረሻው ዋጥኩ። ሁለተኛው ታይፈስ አለ፤ ያንንም ዋጥኩ። ሦስተኛው ስለ ወባ ጠየቀ፤ ሳሊተ ምሕረትን አልፌ የማላውቅ ልጅ ወባ ከየት አመጣለሁ? ደሜ ተመረመረ፣ ራጅ ተነሳሁ፣ የሳንባ ምርመራም ታዘዘ። ውጤት በመጣ ቁጥር «ነጻ ናት» ይላሉ። እማዬ እልል ማለት ይቃጣታል፣ ሌሊት ደግሞ አንሶላዬን ትጨምቃለች።

አባቴ ያኔ ለመንገድ ሥራ ክፍለ ሀገር ስለነበረ ይህን ሁሉ የምትሸከመው እማዬ ብቻ ነበረች፤ ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ እየለመነች፣ ወረፋ ላይ እየዋለች። በዚህ ላይ ትምህርት ቤቱ መጣ። ብዙ ቀን ስለቀረሁ ዩኒት ሊደራችን፣ መነጽራቸውን ከአፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው የሚያዩ ሰው፣ እናቴን አስጠሩ። «የሐኪም ወረቀት ታምጣ፣ ካልሆነ ቀሪ ነች፤ እስከ ገና ካላመጣች ክፍል ትደግማለች» አሉ። እማዬ የላቦራቶሪ ውጤቶቹን ዘረገፈችላቸው። አንድ በአንድ አዩዋቸውና «እነዚህ ሁሉ ጤነኛ ናት ነው የሚሉት። የበሽታው ስም የታለ?» አሉ።

የበሽታው ስም! እኔ ከክፍሌ ሁለተኛ የምወጣ ልጅ ነበርኩ። መድገም ማለት ለኔ ከትኩሳቱ የባሰ ነበር። ልጆቹም ስም አውጥተውልኛል፤ በሄድኩባቸው ጥቂት ቀናት ከበሩ ስገባ «አርቲስቷ መጣች!» ይባላል። አስመሳይ ማለታቸው ነው። ግድ የለም እላለሁ፣ እውነቱን ለመናገር ግን ሽንት ቤት ገብቼ አለቅስ ነበር።

ከሁሉም ያቆሰለኝ ግን የእማዬ ነው። አንዱ ሐኪም «ትምህርት ቤት የምትፈራው ነገር ይኖር ይሆን?» ብሏት ነበርና፣ አንድ ማታ ከአልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ፣ ድካሙ ድምጿን ሰብሮት፣ «ቤዛዬ፣ አልቆጣሽም፣ እውነቱን ንገሪኝ። ብርድ ልብስ እየደራረብሽ ነው እንዴ የሚያልብሽ?» አለችኝ። ወደ ግድግዳው ዞርኩ። እናቴ ካላመነችኝ ማን ሊያምነኝ ነው ብዬ ያንን ሌሊት ከትኩሳቱ ይልቅ ብስጭቱ አነደደኝ።

አባባ ለካ በኮሪደሩ ሲያልፉ ሰምተዋል። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፍራሼ ሰርቪስ ቤት ተዘርግቷል፣ ጠረጴዛው ላይ አዲስ መዝገብ አለ፣ መስመሩ በማስመሪያ ተሠምሮ አልቋል። ሰዓት፣ ሙቀት፣ ላብ፣ ራስ ምታት፣ ምርመራ። አጠገቡ የብብት ቴርሞሜትር። «ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ጣቢያ ነሽ» አሉኝ። «ቀን ቀን አንቺ ትለኪያለሽ፣ ሌሊት እኔ እነሳለሁ። ሠላሳ ዓመት ለአውሮፕላን ማረፊያ አስፋልት የተነሳሁ ለልጄ ልጅ አልነሳም?»

ያኔ የዳንኩ ይመስል ልቤ ዘለለ። ማንም የበሽታዬን ስም አላገኘም፤ ግን አንድ ሰው ዓይኑን ሊያሳርፍብኝ ተቀምጧል። አባባ እንደ አየር ማረፊያው ልክ በሰዓቱ ይነሳሉ፣ ቴርሞሜትሩን ወደ ፋኖሷ አስጠግተው ያነባሉ፣ ይጽፋሉ፣ ላቤን በፎጣ ያብሳሉ፣ ደረቅ ፒጃማ ያቀብሉኛል። አይዞሽ እንኳ አይሉም። እስኪርቢቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ የምሰማው ድምፅ ግን አይዞሽ ነበር። የሐኪሞቹ ምርመራ ምንም አላገኘም፤ የአባባ ምርመራ ግን አንድም ቀን ባዶውን አላደረም። በየመስመሩ ያው ነው፤ ታየ፤ ምክንያቱ አልታወቀም።

በዚያ ሰሞን ነው የስም የለሹን እንግዳ ተረት የነገሩኝ። በቆሎ አልፎ ስኳር ድንች ፍሙ ውስጥ ቀብረን፣ ልጆቹ በሽታዬን ፈርተው ቀርተው፣ ሁለታችን ብቻ ነበርን። «ሰማዩ?» አሉኝ። በብርድ ልብስ እንደተጠቀለልኩ ቀና አልኩና አየሁ። «ደምኗል፣ ወደ ቦሌ በኩል ግን ክፍት አለ።» በትክክል ስላየሁ ትልቁን ድንች ሰጡኝ።

አንድ መንደር ነበር አሉ፤ በየማታው አንድ እንግዳ ይመጣል። ስሙን አይናገርም። ገብቶ ይቀመጣል፣ ቤቱን በሙቀቱ ያፍናል፣ ሊነጋ ሲል ወጥቶ ይሄዳል። የመንደሩ ሰው ተሰበሰበ። አንዱ «ሌባ ነህ!» አለው፤ እንግዳው በስሙ ወፈረ። ሌላው «ንጉሥ ነህ!» አለው፤ በዚያም ወፈረ። «ጋኔን ነህ!» ሲሉት ጭራሽ ጣራ ነካ። የወጣለት ስም ሁሉ እራት እየሆነለት ቤቱን ሞላው። መጨረሻ ላይ የቤቱ ልጅ፣ አንዲት አንቺን የምታክል ደረቅ፣ ከፊቱ ተቀምጣ ምን አለችው? «ማን እንደሆንክ አላውቅም። ግን አይቼሃለሁ። ጥላው ወፍጮው ላይ ሲደርስ ትመጣለህ፤ መጀመሪያ ግንባሬ ላይ ትቀመጣለህ፤ ወፍ ሳይንጫጫ ውኃ ሆነህ ትወጣለህ። ነገም አይሃለሁ።» እንግዳው እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። በዚያ ማታ በበሩ ሲወጣ ትንሽ ጎንበስ ማለት አላስፈለገውም፤ አንድ ጣት አጥሮ ነበር።

«ከዚያስ ሄደ አባባ? ጭራሽ ቀረ?»

«እኔ እንጃ» አሉ፣ ድንቹን እያገላበጡ። «እስካየሁት ድረስ ነው የነገርኩሽ።»

ተናድጄ ነበር። ሌላ አያት ቢሆን እንግዳውን ገደል ይከትልኝ ነበር እኮ። እሳቸው ግን በተረት እንኳ ያላዩትን አይጨምሩም። እንደዚያም ሆኖ ያ ሌሊት ራሴን ሲያመኝ «አይቼሃለሁ» አልኩት፣ በልቤ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ከመፍራት ይልቅ ሰዓቱን መጠበቅ ጀመርኩ።

መዝገቡ ሦስት ሳምንት ሲሞላው ገናም እየቀረበ ስለነበር መገናኛ አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ሦስታችንም ሄድን። ዶክተሯ ወጣት ነች፤ በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት አይታኝ ነበር። አባባ ወደ ውስጥ አልገቡም፤ «ጎመኑን ሳጠጣ ጫማዬ ጭቃ ሆኗል» ብለው ከበሩ ውጭ አግዳሚው ላይ ቀሩ። በሩ አልዘጋ የሚል፣ በካርቶን ቁራጭ የተደገፈ ነበር። እማዬ መዝገቡን ሰጠች፣ ዶክተሯ ገለጠችው። አነበበች፣ አነበበች፣ ከዚያ ካርዴን አውጥታ ከጎኑ አስቀመጠችና ፊቷ ተለወጠ።

«እህቴ፣ ይህን የጻፈው ማነው?»

«አባቴ ናቸው» አለች እማዬ።

«እዚህ ላይ ማክሰኞ ሁለት ሰዓት፣ ሠላሳ ስምንት ከዘጠኝ፣ ከባድ ላብ ይላል። እኔ ደግሞ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይህችኑ ልጅ እዚሁ ወንበር ላይ ለክቻታለሁ፤ ሠላሳ ስድስት ከስምንት ነበረች።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እንግዲህ አባትሽ እሷን ለመርዳት ብለው ይሆናል። ይገባኛል። ግን በዚህ ተመርኩዤ ለትምህርት ቤቱ ወረቀት መጻፍ አልችልም።»

እማዬ አቀረቀረች። እሷም ያንን ሰዓት ስትሸሽ የኖረች ስለሆነች ሒሳቡ አልመጣላትም። ለኔ ግን ወዲያው መጣልኝ። አርቲስት ሲሉኝ ችያለሁ። ብርድ ልብስም ስባል ችያለሁ። አባባ ውሸት ጻፉ ሲባል ግን አልቻልኩም። ትልልቅ ሰዎች ሲነጋገሩ ጣልቃ ገብቼ የማላውቅ ልጅ ብድግ አልኩና፣ «አባባ ያላዩትን አይጽፉም!» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ጮኸ። እማዬ «ቤዛ!» አለችኝ፤ አልተቀመጥኩም።

«ያ የኛ ሰዓት አይደለም፣ ዶክተር። የአየር ማረፊያ ሰዓት ነው። ከእያንዳንዱ ላይ ሦስት ይቀንሱ። ይኼ ሁለት ሰዓት ሌሊት አስራ አንድ ነው። ይኼ አንድ ሰዓት ሌሊት አስር ነው፤ ያኔ ነው በጣም የሚያቃጥለኝ። እዚህ ሦስት ሰዓት ጋ፣ ልክ ሲነጋ፣ መውረድ ይጀምራል።» ጣቴን በመስመሮቹ ላይ አወረድኩ። «ማክሰኞ እርስዎ ጋ የነበርኩት ሁለት ሰዓት ላይ ከሆነ ደግሞ፣ በአባባ አምስት ሰዓት ነው። አምስት ሰዓትን ይዩ።»

ዶክተሯ ጎንበስ አለች። አምስት ሰዓት፣ ማክሰኞ፣ 36.8። ምርመራ በሚለው ዓምድ ሥር በአባባ ድቡልቡል ጽሕፈት፦ «ሐኪሟ የለካችው ነው።» ያን ቀን ከክሊኒክ ስመለስ «ስንት ሆነ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበርና፣ የገዛ ራሷን ቁጥር ከተገቢው ሰዓት ላይ አስቀምጠውላታል።

ዶክተሯ እርሳስ አንስታ ከላይ ጀምራ፣ ትኩሳቱ ከባሰበት ሰዓት ሁሉ ላይ ሦስት እየቀነሰች፣ ከጎኑ የኛን መጻፍ ጀመረች። ሌሊት አስር፣ ሌሊት አስር፣ ሌሊት አስራ አንድ፣ ሌሊት አስር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ትኩሳቱ አንድ መንገድ ይመላለሳል፤ እኔን ደግሞ ሁሉም የሚለካኝ እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ቀና ብላ አየችኝ፣ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም። «እስቲ ፈተና ልስጥሽ። አሁን በአያትሽ ሰዓት ስንት ነው?»

የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። አራት ተኩል ነበር። «ሰባት ተኩል» አልኳት።

«ጎበዝ» አለችኝ። ከዚያ ወደ እማዬ ዞራ፣ ማንም ሐኪም ያላለንን ነገር አለች። «ምን እንደሆነ አላውቅም። የማላውቀውን ስም ሰጥቼ ሌላ ኪኒን አላስውጣትም። ግን አለ።»

«አለ» ስትል እናቴ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ እጄን ያዘችኝ፣ «ይቅር በይኝ የኔ ልጅ» አለች። የብርድ ልብሱን ነገር ማለቷ ነበር። ይቅር አልኳት፣ ወዲያው ነው፣ አልተግደረደርኩም።

ዶክተሯ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ክትትል ላከችኝ፣ ለትምህርት ቤቱም ወረቀት ጻፈች። ወረቀቱ እስኪታተምና ማህተም እስኪመታበት ቆየን። እንዲህ ይላል፦ ተማሪዋ በየሌሊቱ ከፍተኛ ትኩሳትና ላብ እንዳለባት በየሰዓቱ በተያዘ መዝገብ ታይቷል፤ ምክንያቱ እስካሁን አልታወቀም፤ ክትትል ላይ ናት። ከመገናኛ ታክሲ ስንይዝ ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር። ያኔ ለባቡሩ መንገድ ሁሉ ተቆፍሮ፣ አቧራው እንደ ጉም ቆሞ፣ በታክሲው የማይዘጋ መስኮት ይገባል። አባባ መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። «አባባ፣ ምን ሆኑ?» ስላቸው «ምን እሆናለሁ፣ አቧራ ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ ወደ መስኮቱ እያዩ፣ «ሒሳቡን አልሳትሽውም» አሉኝ። ከእሳቸው አፍ የወጣው ምስጋና ይኸው ነው። እኔ ደግሞ ሽልማት እንደተሰጠው ሰው ሳሊተ ምሕረት እስክንደርስ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

ዩኒት ሊደሩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ስሙስ?» አሉ። «ስም የለውም ቲቸር፣ ግን ታይቷል» አልኳቸው። ማህተሙን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉና ፋይሌ ውስጥ ከተቱት። ክፍል አልደገምኩም። በዚያ ዓመት ሁለተኛ ሳይሆን አራተኛ ወጣሁ፤ ከየትኛውም ደረጃዬ ይልቅ ዛሬም የምኮራው በዚያ አራተኛነት ነው፣ ግማሹን ዓመት ሳልተኛ ያመጣሁት ነዋ!

ትኩሳቱ ስሙን ሳይናገር ሄደ። ትልቁ ሆስፒታልም አላገኘውም። መጀመሪያ በየሌሊቱ የነበረው በሳምንት ሦስቴ ሆነ፣ ከፋሲካ በኋላ አልፎ አልፎ፣ ክረምቱ ሲገባ አንድ ሌሊት አባባ ለክተው «36.5፤ አልታየም» ብለው ጻፉ። ለሁለት ወር «አልታየም» እየጻፉ ቀጠሉ፤ የሄደ መስሎ የሚመለስ ስለሚኖር ብለው። በመጨረሻም ፍራሼን ራሳቸው ተሸክመው ወደ ትልቁ ቤት መለሱኝ። እኔ ያን ቀን አለቀስኩ፤ በሽታው ናፍቆኝ አይደለም።

አባባ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። መዝገቧ እኔ ጋ ናት። ከቀብሩ በኋላ ስገልጣት፣ ከዚያ የክሊኒክ ቀን ቁጥሮች መሃል፣ የኔ ሙቀት የሌለባት አንዲት መስመር አገኘሁ፦ «7፡30። የተመልካቹ ዓይን ረጥቧል። ታየ። ምክንያቱ ታውቋል።» በኀዘኔ መሃል ሳቅኩ። ሰባት ተኩል ታክሲ ውስጥ የነበርንበት ሰዓት ነው፤ የመገናኛ አቧራ! አቧራ እንኳ መዘገቡ ብዬ ለዘመድ ሁሉ አወራሁት፣ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ባለፈው ሰሞን ቦሌ ከምሠራበት ቢሮ አንዲት ባልደረባዬ ልጇን ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ይዞባት ግራ ገብቷት ነበር። ከሐኪሟ አትለዪ፣ ግን ቀጠሮሽ እስኪደርስ ድረስ ጻፊ አልኳት፤ አጻጻፉን ላሳያት ብዬ መዝገቧን ይዤላት መጣሁ። ካፌ ተቀምጠን፣ አውሮፕላኖቹ ከጣራችን በላይ እየወረዱ፣ «ከእያንዳንዱ ሰዓት ላይ ሦስት ትቀንሻለሽ» እያልኩ በጣቴ መስመሩን ሳወርድላት ጣቴ ያቺ መስመር ላይ ደረሰና ቆመ። እኔ ነኝ እኮ ለቤቱ ሁሉ አስተርጓሚ የነበርኩት! እኔ ነኝ ለዶክተር ያስተማርኩት! እኔው ራሴ ስንት ዓመት ሙሉ ሳልቀንስ አንብቤዋለሁ።

ሰባት ተኩል ሲቀነስ ሦስት፣ አራት ተኩል። አራት ተኩል ላይ አባባ ታክሲ ውስጥ አልነበሩም። በካርቶን ከተደገፈው በር ውጭ፣ አግዳሚው ላይ፣ የኔን ድምፅ እየሰሙ ተቀምጠው ነበር። እዚያ ኮሪደር ውስጥ ደግሞ አቧራ አልነበረም።